«ሲስተም የለም» ከሚለው ጀርባ፦ የአይቲ ለውጥ ተሳካ የሚባለው መቼ ነው?

ደሴ ፒያሳ ገንዘብ ሊያወጣ ባንክ የገባ፣ ኮምቦልቻ ግብር ሊከፍል የተሰለፈ፣ ወልድያ የሆስፒታል ካርድ ሊያወጣ የሄደ ሁሉ አንዲት አጭር መልስ ያውቃል። «ሲስተም የለም።» ከዚያ በኋላ ማብራሪያ የለም። ተገልጋዩ ቴሌን ወይም መብራት ኃይልን ያማርራል። ሠራተኛውም የተሻለ የሚያውቀው ነገር ስለሌለ ትከሻውን ሰብቆ ያልፋል።

ብዙ ጊዜ ጥፋቱ በእርግጥ የመብራት ወይም የኔትወርክ ነው። አንዳንዴ ግን ሁለቱም ደህና ናቸው። ማታ አንድ ባለሙያ ሲስተሙን ነክቶታል። አፕዴት ጭኗል፣ ሰርቨር (ሲስተሙ የሚሠራበትን ዋና ኮምፒውተር) ቀይሯል፣ ወይም ሂሳቦችን ከፋይዳ መታወቂያ ጋር ለማስተሳሰር አዲስ ነገር ጨምሯል። ጠዋት ሲከፈት አልሠራም። መስኮቱ ላይ የሚሰጠው መልስ ግን ያው ነው።

እንዲህ ያለው ንክኪ እየበዛ ነው። ክፍያው ወደ ስልክ፣ መዝገቡ ወደ ኮምፒውተር እየሄደ ነው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ስላቆመ፣ የቆዩ ኮምፒውተሮች ያሏቸው ቢሮዎች ቢፈልጉም ባይፈልጉም ለውጥ ውስጥ ገብተዋል። ታዲያ ይህ ሁሉ ለውጥ በአግባቡ እየተመራ መሆኑ በምን ይታወቃል?

ለውጥ ስንል

የአይቲ ለውጥ አስተዳደር ማለት በሥራ ላይ ባለ ሲስተም ላይ የሚደረግን ማሻሻያ ማቀድ፣ አደጋውን መመዘን፣ መፍቀድ፣ መፈጸምና ውጤቱን ማየት ነው። በየመሥሪያ ቤቱ ከሚታወቀው የካይዘንና የቢፒአር «ለውጥ» ጋር አይገናኝም። ያኛው ስለ አሠራርና ስለ ሠራተኛ ነው።

በዘርፉ በስፋት የሚሠራበት መመሪያ አይቲል ይባላል። መነሻው በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የእንግሊዝ መንግሥት ነው። ለውጦችን በሦስት ይከፍላል። አንደኛው አደጋው ትንሽ ስለሆነና ስለሚደጋገም አንዴ የተፈቀደ ነው፤ የአንድን ሠራተኛ የይለፍ ቃል እንደመቀየር። ሁለተኛው እያንዳንዱ ተመዝኖ የሚፈቀድ ነው። ሦስተኛው አስቸኳይ ነው፤ ሲስተሙ ወድቆ ወይም የደኅንነት ቀዳዳ ተገኝቶ ቶሎ የሚደረግ። ይህ ክፍፍል ቀላል ቢመስልም ኋላ እንደምናየው ብዙ ቁጥር የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው።

ሲስተሙ ነበረ፤ ችግሩም ይኸው ነበር

ብዙ ተቋማት የሲስተማቸውን ጤንነት የሚለኩት በአንድ ጥያቄ ነው። ይሠራል ወይስ አይሠራም? መጋቢት 6 ለ7 ሌሊት 2016 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የደረሰው ነገር ይህ ጥያቄ ብቻውን እንደማይበቃ አሳይቷል። ደንበኞች በሂሳባቸው ካለው በላይ ገንዘብ ማውጣትና ማስተላለፍ ቻሉ። ወሬው በተለይ በዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ዘንድ በፍጥነት ተዛመተ። ግብይቱ እስኪቆም ሰዓታት አለፉ። ብሔራዊ ባንክ ችግሩ የተፈጠረው በጥገናና በፍተሻ ሥራ ወቅት እንደሆነ ገለጸ። ንግድ ባንክም የሳይበር ጥቃት አይደለም አለ። ባንኩ በኋላ ያስታወቀው የገንዘብ መጠን 801 ሚሊዮን ብር ገደማ ነበር። ቀላል የማይባለው ክፍል ተመልሷል።

ያን ሌሊት ኤቲኤሙ ይሠራል። ሞባይል ባንኪንጉም ይሠራል። «ሲስተም አለ ወይስ የለም» ብሎ የሚጠይቅ መለኪያ ሁሉም አረንጓዴ ነው ይል ነበር። የጠፋው ሥራው ሳይሆን ትክክለኛነቱ ነው። ስለዚህ ከለውጥ በኋላ የሚደረግ ፍተሻ «ተከፈተ» ብሎ መቆም የለበትም። ባዶ ሂሳብ ላይ ወጪ ሲጠየቅ ይከለክላል? ትናንት የነበረው ሂሳብ ዛሬም ያው ነው? ከዚህ አንድ መለኪያ ይወለዳል፦ ለውጡ ካበላሸበት ደቂቃ አንሥቶ ተቋሙ መበላሸቱን እስካወቀበት ደቂቃ ያለው ጊዜ። ተማሪው ከባንኩ ቀድሞ ካወቀ፣ ሌላው ቁጥር ምንም ቢያምር ብዙ አያጽናናም።

ሰዓቱ የሚቆመው የት ላይ ነው?

ሐምሌ 12 ቀን 2016 ዓ.ም. ክራውድስትራይክ የተባለው የአሜሪካ የደኅንነት ሶፍትዌር ኩባንያ አንዲት ትንሽ ማሻሻያ ለደንበኞቹ ላከ። በኢትዮጵያ ሰዓት ከጠዋቱ 1 ሰዓት እንዳለፈ ነበር። ማይክሮሶፍት በግምቱ 8.5 ሚሊዮን የዊንዶውስ ኮምፒውተሮች ተመትተዋል አለ። የአየር መንገዶች በረራ ተሰረዘ፤ ሆስፒታሎችና ባንኮች ተስተጓጎሉ። ኩባንያው የተሳሳተውን ፋይል ያነሣው በ78 ደቂቃ ውስጥ ነው።

ሰባ ስምንት ደቂቃ ጥሩ ውጤት ይመስላል። ግን የወደቁት ኮምፒውተሮች በራሳቸው አልተነሡም። ብዙዎቹ አንድ በአንድ፣ ሰው ፊታቸው ቁጭ ብሎ መነካካት ነበረባቸው። አንዳንድ ተቋም ቀናት ፈጀበት። እንግዲህ «ችግሩ በስንት ጊዜ ተፈታ?» ሲባል መልሱ ሰዓቱን ማን እንደያዘው ይለያያል።

ይህ ለወሎ ሩቅ ነገር አይደለም። አብዛኛው ትልቅ ሲስተም የሚነካው አዲስ አበባ ነው። ችግሩ የሚሰማው ግን መርሳ፣ ሐይቅ ወይም ወገል ጤና ነው። ዋናው መሥሪያ ቤት ሰርቨሩ ሲነሣ «ተፈትቷል» ብሎ መዝገቡን ይዘጋል። ቅርንጫፉ ግን ኮምፒውተሩ አዲሱን ስሪት እስኪያወርድ፣ ደካማው መስመር እስኪችለው ድረስ ግማሽ ቀን ሊጠብቅ ይችላል። ያ ግማሽ ቀን በየትኛውም ሪፖርት ላይ አይገኝም። በእኔ ግምት በእኛ አገር ሁኔታ ከሁሉ በላይ መታረም ያለበት ይህ ነው። ሰዓቱ መቆም ያለበት መጨረሻው መስኮት ላይ ያለ ሰው ሲገለገል ነው።

ናይት ካፒታል የተባለው የአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ ድርጅት እ.ኤ.አ. ነሐሴ 1 ቀን 2012 የገጠመውም የዚሁ ዘመድ ነው። አዲሱ ሶፍትዌር ከ8 ሰርቨሮች በ7ቱ ላይ ተጫነ። አንዱ ተረሳ። በ45 ደቂቃ ውስጥ ከ440 ሚሊዮን ዶላር በላይ ከሰረ። «ተጭኗል» የሚለው ቃል ሁሉም ቦታ መጫኑ ካልተቆጠረ ዋጋ የለውም።

ወሎ ላይ ለምን ይከብዳል?

አንድ ለውጥ ጉዳት ማድረሱን ለማወቅ፣ ያንን ጉዳት ከሌላው መለየት ያስፈልጋል። መብራት በማይቋረጥበት ከተማ ይህ ቀላል ነው። ሲስተሙ ከወደቀ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የማታው ለውጥ ነው። እኛ ጋ ግን መብራት ይሄዳል፣ መስመር ይቆረጣል፣ ጄኔሬተር ነዳጅ ያልቅበታል። በዚህ ሁሉ መሃል የመጥፎ ለውጥ ውጤት ይደበቃል። ለአይቲ ክፍሉ ምቹ ሽፋን ነው፤ ሆን ብሎ ባይጠቀምበት እንኳ።

ያለፉት ዓመታት ደግሞ ከተራ መቆራረጥ በላይ ነበሩ። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምትና ኅዳር ደሴና ኮምቦልቻ በጦርነቱ ሲያዙ፣ የደሴን ሆስፒታል ጨምሮ ብዙ ተቋማት ንብረታቸው ተዘርፏል። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ደግሞ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ቆየ። እንዲህ ያለ ዓመት ላይ «የሲስተም መቋረጥ ካምናው በዚህ ያህል ቀነሰ» የሚል ሪፖርት ስለ አይቲ ክፍሉ ሥራ የሚነግረን ነገር የለም። መስመር ስለተመለሰ ብቻ ቁጥሩ ያምራል።

ሌላው እንቅፋት የቀን መቁጠሪያና የሰዓት ጉዳይ ነው። ሰርቨሩ ለውጡን የሚመዘግበው 22/09/2025፣ 09:00 ብሎ ነው። መስኮት ላይ ያለችው ሠራተኛ ቅሬታውን የምትጽፈው «መስከረም 12፣ ጠዋት 3 ሰዓት» ብላ ነው። ሁለቱ አንድ ደቂቃ ናቸው። ግን ማንም ካላገጣጠማቸው በሁለት መዝገብ ላይ እንደተለያዩ ይቀራሉ። «በ2 ሰዓት እንጀምራለን» የሚል መልእክት ደግሞ ለውጭ አቅራቢው ሌሊት፣ ለቅርንጫፉ ልክ ሥራ የሚጀመርበት ጠዋት ነው። ይህ ለቀልድ የሚመች ነገር ቢሆንም ሥራ ያቆማል።

ያ መስከረም 12 ሰኞ ነበር። ሰኞ ደግሞ የባቲ ገበያ ቀን ነው። አዲስ አበባ ላይ ለውጥ የሚያቅድ ሰው እሑድ ሌሊትን ጸጥ ያለ ጊዜ አድርጎ ይመርጣል፤ ለእሱ ልክ ነው። ለባቲ ግን ከሳምንቱ ሁሉ የከፋው ምርጫ ነው። ከብት የሸጠ ገበሬና ከአፋር በኩል የመጣ ነጋዴ የሚገበያዩት በማግስቱ ነው። ለግሸን መስከረም 21 አለ፤ ለላሊበላ ገና አለ። በእነዚህ ቀናት ዋዜማ ሲስተም መንካት በአገር አቀፉ አማካይ ላይ ነጥብ ታህል ነው፤ በቦታው ግን የዓመቱ ትልቁ ቀን ይበላሻል።

ሰኔን ሁሉም ያውቀዋል። በጀቱ ሰኔ 30 ከመዘጋቱ በፊት ዕቃ ይገዛል፣ ይገጠማል፣ ሲስተም ይቀየራል። በዚያው ሳምንት ፋይናንስ ሂሳብ ይዘጋል። ብዙ ለውጥና ብዙ ጥንቃቄ የሚፈልግ ሥራ በአንድ ወር ይጋጫሉ። ስለዚህ የሰኔ ውድቀት ከጥቅምት ውድቀት ቢበዛ ባለሙያው ደክሟል ማለት ላይሆን ይችላል። የግዥው ወቅት ነው።

95 ከመቶ ምን ይደብቃል?

በጣም የተለመደው መለኪያ የስኬት መቶኛ ነው። ከተደረጉት ለውጦች ስንቱ ያለ ችግር አለፈ? ጥሩ ጅምር ነው። ሁለት ትልልቅ ቀዳዳዎች ግን አሉት።

የመጀመሪያው፣ ሁሉንም ለውጥ እኩል ይቆጥራል። ለምሳሌ ያህል እንበል አንድ ተቋም በዓመት 40 ለውጥ አድርጎ 38ቱ ተሳኩ፤ 95 ከመቶ። ካልተሳኩት አንዱ የሰው ኃይል ክፍል 3 ሠራተኞችን ለ20 ደቂቃ አስቆመ። ሌላው በገበያ ቀን 400 ደንበኞችን ለ3 ሰዓት አስቆመ። ሌላ ተቋም ደግሞ ከ40ው 8ቱ ወደቁበት፤ 80 ከመቶ። ግን እያንዳንዱ ውድቀት 5 ሰው ለ30 ደቂቃ ብቻ ነው ያስቆመው። የሰውን ቁጥር በደቂቃ ብናባዛ የመጀመሪያው ተቋም 72,060፣ ሁለተኛው 1,200 ይሆናል። በመቶኛ የተሸለመው ተቋም ያደረሰው ጉዳት 60 እጥፍ ነው። ሁለተኛው ምናልባት ለውጡን በትንንሹ ከፋፍሎ፣ በአንድ ክፍል ሞክሮ የሚሄድ ነው። በመቶኛው ብቻ ከተፈረደ ግን ወቀሳው ለእሱ ነው።

ሁለተኛው ቀዳዳ የትንሽ ቁጥር ነው። የወረዳ ቢሮ ወይም መካከለኛ ሆስፒታል በሩብ ዓመት 8 ለውጥ ቢያደርግና አንዱ ቢወድቅ 12.5 ከመቶ ነው። በቀጣዩ ሩብ ዓመት ሁለት ቢወድቁ 25 ከመቶ ይሆናል። ሪፖርቱ «ውድቀት በእጥፍ ጨመረ» ይላል፤ ስብሰባ ይጠራል። የተለወጠው ግን አንድ ክስተት ነው። ለትንሽ ተቋም የሩብ ዓመት መቶኛ ከማወዳደር፣ ያለፈውን ሙሉ ዓመት፣ ጳጉሜንን ጨምሮ፣ በአንድ ላይ እያዩ መሄድ ይሻላል። እያንዳንዱን ውድቀትም በስሙ አንሥቶ መነጋገር ከመቶኛው የበለጠ ያስተምራል።

ከዚህ ሁሉ በፊት ደግሞ «ወደቀ» ማለት ምን እንደሆነ ይጻፍ። ወደ ነበረበት የተመለሰ ለውጥ ወድቋል? ከተፈቀደለት ሰዓት ያለፈስ? ያለ ችግር ተጭኖ የተፈለገውን ጥቅም ያልሰጠስ? ሁለት ቢሮዎች ለእነዚህ የተለያየ መልስ ካላቸው መቶኛቸውን ማወዳደር ከንቱ ነው።

አስቸኳይ የበዛበት ቤት

ከስኬት መቶኛ ይልቅ ቶሎ የሚናገር ቁጥር አለ። ከሁሉም ለውጦች አስቸኳይ የተባሉት ስንት ናቸው? ይህ ድርሻ እያደገ ከሄደ ከሁለት አንዱ ነው። ወይ ሲስተሙ በእርግጥ እየወደቀ ነው። ወይ መደበኛው መንገድ በጣም ረዝሞ ሰዎች «አስቸኳይ» እያሉ አቋራጭ ይዘዋል። ሁለተኛው ከሆነ መታረም ያለበት ሂደቱ እንጂ ሰዎቹ አይደሉም።

ጎን ለጎን ያልተፈቀደ ለውጥ ይፈተሽ። የሰርቨሩን ሎግ፣ ማለትም ራሱ የሚይዘውን የድርጊት መዝገብ፣ ከፈቃድ ፎርሞቹ ጋር ማመሳከር በቂ ነው። ሎጉ ላይ ያለ ፎርሙ ላይ ግን የሌለ ነገር ከተገኘ፣ የስኬት መቶኛው በከፊል ብቻ የተቆጠረ ነው ማለት ነው።

ኮሚቴው ራሱ ይለካ

ለውጥን ማን ይፍቀድ በሚለው ላይ ባለሙያዎች አይስማሙም። የቆየው መንገድ የለውጥ አማካሪ ቦርድ ነው። ከየክፍሉ የተውጣጡ ኃላፊዎች በሳምንት አንዴ ተሰብስበው ያጸድቃሉ። ክርክሩ ቀላል ነው፤ ብዙ ዓይን ስህተት ያያል፣ ተጠያቂነትም ይኖራል።

ዶራ የተባለውና በኋላ የጉግል አካል የሆነው የጥናት ቡድን ይህን ተቃውሟል። የሶፍትዌር ቡድኖችን ለዓመታት ሲያጠና፣ ከቡድኑ ውጭ ያለ አካል የሚሰጠው ፈቃድ ሥራውን እንደሚያዘገይ፣ የውድቀቱን መጠን ግን እንደማይቀንስ አገኘ። የሚሻለው የሥራ ባልደረባ እርስ በርስ መፈተሽ፣ አውቶማቲክ ሙከራና ትንንሽ ለውጥ ነው ይላል። ቡድኑ ያወጣቸው አራት መለኪያዎችም በሰፊው ተለምደዋል። ለውጥ በስንት ጊዜ አንዴ ይወጣል? ከተጻፈ እስከ ሥራ ላይ እስኪውል ስንት ይወስዳል? ስንቱ ይወድቃል? ከወደቀ በስንት ጊዜ ይነሣል? ሁለቱ ፍጥነትን፣ ሁለቱ መረጋጋትን ይይዛሉ። አንዱን ብቻ መለካት ያታልላል። ምንም ያልነካ ክፍል ምንም አይወድቅበትም፤ ግን የደኅንነት ቀዳዳው እንደተከፈተ ነው።

የዶራን ግኝት እንዳለ ወደ ደሴ ማምጣት ግን አይቻልም። ያ ጥናት በአብዛኛው ሶፍትዌሩን ራሳቸው ስለሚጽፉ ቡድኖች ነው። እኛ ጋ ብዙ ተቋም ሲስተሙን ከውጭ ገዝቶ ነው የሚጠቀመው። ኮዱ እጁ ላይ የለም። መሞከሪያ ሲስተምም ላይኖረው ይችላል። እንዲህ ባለበት ቦታ ቦርዱ ከለውጡ በፊት ያለው ብቸኛ ማጣሪያ ሊሆን ይችላል።

እኔ ቦርዱ ይቅር አልልም፤ ይለካ ነው የምለው። በዓመት ስንት ጥያቄ ቀረበለት? ስንቱን ሳይፈቅድ መለሰ፣ የስንቱን ሰዓት አስቀየረ፣ በስንቱ ላይ የመመለሻ ዕቅድ ጠየቀ? ሁሉንም እንደቀረበ ያጸደቀ ቦርድ ፊርማ ነው የጨመረው። የባቲን ገበያ ቀን ያስታወሰ አንድ አባል ከአሥር ፊርማ ይበልጣል።

ቁጥሩ የሰው ምዘና ሲሆን

የእንግሊዙ የምጣኔ ሀብት ሊቅ ቻርልስ ጉድሃርት እ.ኤ.አ. በ1975 ያነሡት ሐሳብ እዚህ ላይ ይሠራል። መለኪያ ዒላማ ሲደረግ መለኪያነቱን ያጣል። የስኬት መቶኛ በሠራተኛ የሥራ አፈጻጸም ነጥብ ውስጥ ከገባ ውጤቱ ይታወቃል። የወደቀው ለውጥ «ጥገና» ተብሎ ይመዘገባል። ቀላሉ ለውጥ በአምስት ተከፍሎ አምስት ስኬት ይሆናል። የሚያስፈራው ለውጥ ደግሞ ለሚቀጥለው ዓመት ይተላለፋል።

በሌላ በኩል ኃላፊዎች የሚሉት ነገርም ሚዛን አለው። ማንም የማይጠየቅበት ቁጥር ማንም አይመዘግበውም። መካከለኛው መንገድ ጥያቄውን መቀየር ይመስለኛል። ሰውየው ለውጡ ስለወደቀበት ሳይሆን ሳይመዘግብ ስለነካ፣ መመለሻ ሳያዘጋጅ ስለጀመረ ይጠየቅ። ውድቀቱን በጊዜ የተናገረ ደግሞ አይቀጣ። ያኔ ቁጥሩ መጀመሪያ ይከፋል። የመጀመሪያው ዓመት መክፋት ብዙውን ጊዜ መዝገቡ እውነት መናገር መጀመሩን ያሳያል፤ አለቆች ይህን አስቀድመው ቢያውቁት ጥሩ ነው።

ሦስት ሰው ላለው ክፍል

ብዙ የወሎ ተቋም የአይቲ ክፍል በጣት የሚቆጠር ሰው ነው ያለው። ጠያቂው፣ ፈቃጁና ፈጻሚው አንድ ሰው የሚሆንበት ጊዜ አለ። ውድ ሶፍትዌር መግዛት አያስፈልግም። የኤክሴል ሠንጠረዥ ወይም ወፍራም መዝገብ ይበቃል። ምን ተነካ፣ መቼ ተጀመረና አለቀ (በሁለቱም አቆጣጠር)፣ ማን ሠራው፣ ማን ሌላ ሰው አየው፣ ካልተሳካ እንዴት ይመለሳል፣ ምን ሆነ።

ሁለተኛ መዝገብ መስኮቱ ላይ ይቀመጥ። «ሲስተም የለም» በተባለ ቁጥር ሠራተኛዋ ሰዓቱንና ምን ያህል ሰው እንደተሰለፈ ትጻፍ። ከጎኑ ሦስት ዓምድ ይኑር፦ መብራት ነበረ? ኔትወርክ ነበረ? ሲስተሙ ብቻ ነበር? የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ለማወቅ ባለሙያ አያስፈልግም። አምፖሉን ማየትና ሌላ ነገር በኢንተርኔት መክፈት ነው።

ከዋናው መሥሪያ ቤት የሚፈለገው ደግሞ አጭር ማስታወቂያ ነው። ዛሬ ሌሊት ይህን እንነካለን፣ ከዚህ እስከዚህ ሰዓት። በቴሌግራም ቢመጣ ይበቃል። ይህ ከሌለ ቅርንጫፉ የራሱን መዝገብ የሚያገጣጥምበት ነገር የለውም።

ሁለቱ መዝገቦች ለአንድ ዓመት ከተያዙ፣ የደሴው ቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ ለአለቆቹ አንድ ደብዳቤ መጻፍ ይችላል። ካለፈው ዓመት መቋረጦች ይህን ያህሉ እናንተ ለውጥ ባደረጋችሁ በ24 ሰዓት ውስጥ የመጡ ናቸው፤ ይህን ያህሉ በገበያ ቀን ነበሩ፤ ይህን ያህል ሰው ሳይገለገል ተመልሷል። «የመብራት ይሆናል» የሚል መልስ ቢመጣ፣ የመብራቱ ዓምድ እዚያው ጎኑ አለ።